ከአዳማ ባቱ፣ አንድ የኮንክሪት ስባሪ ይዤ

ሐሙስ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አዳማ

መናኸሪያው በር ስደርስ ገና አልነጋም፤ ነፋሱ ግን ቀድሞኝ ተነስቷል። የአዳማ ነፋስ ጥርስ መሃል የሚቀር አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው። "መቂ፣ ባቱ! መቂ፣ ባቱ!" የሚለው ተራ አስከባሪ ቦርሳዬን ሊቀበለኝ ሲያነሳው ክንዱ ወረደ።

"እህቴ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የያዝሽው?"

"አዎ፣ ድንጋይ ነው።"

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ቦርሳው ውስጥ ፎጣ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ አንድ መጽሐፍና በጋዜጣ የተጠቀለለ የኮንክሪት ስባሪ አለ። የጉዞዬ ምክንያት ስባሪው ነው።

የምሠራው አዳማ ውስጥ ባለ አነስተኛ የግንባታ ዕቃ መፈተሻ ክፍል ነው። ኮንክሪት በኩብ ተቀርጾ ይመጣልኛል። ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ፤ በሃያ ስምንተኛው ቀን መጭመቂያው ማሽን ሥር አስገብቼ እስኪሰበር እጫነዋለሁ። የተሰበረበትን ቁጥር እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። ባለፈው ማክሰኞ የሰበርኳቸው ሦስት ኩቦች ከባቱ የመጡ ነበሩ። የላኩልኝ እቴቴ ሎሚ የሚባሉ፣ ብሎኬትና ሶሌታ የሚባለውን የኮንክሪት ጠፍጣፋ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ሲሚንቶ ሲወደድ ሲሚንቶውን በከፊል በአገዳ አመድ መተካት ጀምረዋል። ጭማቂው የወጣለት አገዳ በስኳር ፋብሪካ ምድጃ ይነዳል፤ አመዱ ይጣላል። ይህ የሚጣል አመድ በደንብ ከተነፋ፣ ከሲሚንቶ ጋር ውሃ ሲያገኝ ቀስ ብሎ ይይዛል። በመጽሐፍ የተጻፈ ነገር ነው፤ እኔም አምንበታለሁ። በአካባቢያችን ግን ደፍሮ የሞከረው ጥቂት ሰው ነው።

የኩቦቹ ቁጥር ጥሩ ነበር፤ እንዲያውም ከጥሩም አልፏል። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ፤ ወረቀቱ በዚያው ቀን ሄደ። ረቡዕ ስባሪዎቹን ወደ ጓሮ ሳወጣ አንዱን አገላብጬ አየሁት። ውስጡ ፈዛዛ ግራጫ ነው። የአገዳ አመድ የገባበት ኮንክሪት እንዲህ አይነጣም፤ ጥላሸት የነካው ዓይነት ጠቆር ይላል። የስባሪውን ፊት ሳያዩ መፈረም፣ ሌላ ሰው ቢያደርገው የምቆጣበት ጥፋት ነው። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ደወልኩላቸው። "እቴቴ፣ ለእኔ የላኩት ከሶሌታዎቹ ጋር አንድ ነው?"

"አይዞሽ ልጄ" አሉኝ፣ "ላንቺ ያነሰ አልልክም።"

መልሱን አልወደድኩትም። ሶሌታዎቹ ስምንት ናቸው፤ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሴት ልጆች መጸዳጃ ጉድጓድ ላይ የሚገቡ። ልጆች ይቆሙባቸዋል። ቅዳሜ ወላጆች ለጉልበት ሥራ ወጥተው ያስቀምጧቸዋል፤ የሚያስቀምጧቸው ደግሞ እኔ በፈረምኩት ወረቀት ተማምነው ነው።

ሞጆ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሚኒባሱ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ጠብቀናል። ሾፌሩ ቀጭን፣ ጥርሱን በመፋቂያ የሚፍቅ፣ ከተናገረ ለመንገዱ የሚናገር ሰው ነው። "ሂድ እንጂ አንተ" ይላል የፊተኛውን መኪና፤ የዚያኛው ሾፌር እንደማይሰማው ያውቃል። ከሞጆ ሽታዋ ይቀድማል፤ ቆዳ ፋብሪካ። ከዚያ ኮንቴይነር፣ ኮንቴይነር፣ የቆመ ከባድ መኪና፣ ሻይ የያዙ ረዳቶች። የሀዋሳን መንገድ ይዘን ወደ ደቡብ ታጠፍን።

ቆቃ ላይ ውሃው በግራ በቀኝ ተኝቷል፤ ዓሣ በገመድ ሰክተው ለመኪና የሚያሳዩ ሰዎች ዳር ዳሩን ቆመዋል። ከቆቃ በኋላ ኮረብታዎቹ ጎናቸው ተቆርጦ ነጭ ሆኖ ይታያል። ፓሚስ ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ አረፋ የመሰለ ቀላል ድንጋይ። ጠጠር በሚገባበት ቦታ ብሎኬት ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን ያቀለዋል። በዚህ አገር ሰው ሳያጠናው ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው።

ዓለም ጤና፣ 2፡30

ሾፌሩ ሽንኩርት ሊጭን ቆመ። "አሥር ደቂቃ" አለ፤ ሠላሳ አምስት ሆነ። መንገድ ዳር በቀይ መረብ የታሰረ ሽንኩርት እንደ ግንብ ተደርድሯል። ጥላ ፍለጋ ወደ አንድ ግቢ ጠጋ ስል በመዶሻ የቆየ ኮንክሪት የሚሰባብር ሰው አየሁ። ስባሪውን በወንፊት እየለየ ሁለት ቦታ ይከምረዋል።

"አካም ቡልተኒ" ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አልኩት።

"ነጋ፣ ደኅና ነኝ። ሽንኩርት ፈልገሽ ነው?"

"አይደለም። ይህ ምን ሊሆን ነው?"

"የድሮ መጋዘን ወለል ነበር። አሁን የመስኖ ቦይ ወለል ይሆናል።" መዶሻውን አሳረፈ። "ጠጠር ከሩቅ ከማመጣ እግሬ ሥር ያለውን መስበር ይሻለኛል። ምነው፣ ያስከስሳል?"

"አያስከስስም። ብቻ አቧራውን እጠበው። አቧራ ካለው አዲሱ ሲሚንቶ አይይዘውም።"

"ማጠቢያ ውሃ ካለኝማ ሽንኩርቴን አጠጣበታለሁ" አለና ሳቀ። ቆይቶ ግን "ቦይ ዳር ሄጄ አጥበዋለሁ" አለ፤ እኔን ለመሸኘት ይሁን ከልቡ አላውቅም። በደብተሬ "የቆየ ወለል፣ ቦይ፣ ያልታጠበ" ብዬ ጻፍኩ። የሽንኩርት መረብ እግሬ ሥር ተጭኖ፣ ጉልበቴን አገጬ ላይ አድርጌ፣ መቂን በጋሪዎቿ መሃል አለፍናት።

ባቱ፣ 4 ሰዓት ገደማ

ባቱ ጸሐይዋ ሌላ ናት። የአበባ እርሻዎቹ የላስቲክ ቤቶች ከሩቅ እንደ ሁለተኛ ሐይቅ ያብረቀርቃሉ። ባጃጁ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ይዞኝ ሄዶ፣ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ የቆመበት ጣሪያ አጠገብ ግራ ታጥፎ፣ እቴቴ ሎሚ ግቢ በር ላይ አወረደኝ።

እቴቴ ሎሚ አምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሻሻቸው ላይ የሲሚንቶ ብናኝ የማይጠፋ ሴት ናቸው። ሳሙኝ፤ መልሰው ሳሙኝ። ቀጥሎ ግንበኛቸውን ጋሽ ታፈሰን ጠሩ። እሳቸው ከምንጃር መጥተው እዚህ ያረጁ፣ የሚቀመጡበትን ድንጋይ እንኳ በውሃ ልክ የሚለኩ የሚመስሉ ሽማግሌ ናቸው።

"ዓሣ ይጠበስ" አሉ እቴቴ ሎሚ።

"መጀመሪያ ሶሌታዎቹን ልይ።"

ከግቢው ጀርባ በሁለት ረድፍ ተኝተዋል፣ አራት በአራት፤ ውሃ የጠጣ ጆንያ ተደርቦባቸዋል። አንዱን ጆንያ ገለጥኩ። ጠቆር ያለ ነው። ጠርዙን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት፤ ውስጡም ጠቆር ያለ ነው። ከዚያ ጋዜጣውን ፈትቼ ስባሪዬን አጠገቡ አስቀመጥኩት። ጠይምና ነጭ ወንድማማቾች ይመስላሉ፤ ብቻ ወንድማማች አይደሉም።

 ቀድመው የተናገሩት ጋሽ ታፈሰ ናቸው።

"ያው እሱ ለብቻው ነው የተቦካው" አሉ ወደ መሬት እያዩ። "ንጹሕ ሲሚንቶ። ምርጥ አሸዋ። እኔ ራሴ ነኝ ቅርጹን የሞላሁት።"

"ለምን?"

እቴቴ ሎሚ ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። "አዳማ ድረስ የሚሄድ ነገር፣ ልጄ! የተማረ ሰው የሚያየው፣ ማሽን የሚገባ! እንዴት ብዬ አመድ ልላክ? ሰው አያፍርም? ለእንግዳ አመድ ይቀርባል?"

ማጭበርበር ቢሆን ኖሮ መናደድ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን የላኩልኝ፣ ለራሱ ቤት ቅቤ የማይተርፈው ሰው ለእንግዳ የሚያወጣውን ዓይነት ነው። ላቦራቶሪን እንደ እንግዳ አይተውታል።

"እቴቴ፣ እኔ የፈረምኩት እንግዳ ለበላው ነው" አልኳቸው። "ልጆቹ የሚቆሙበትን አልቀመስኩትም።"

የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ጆንያውን መልሰው አለበሱት፤ እጃቸው ጆንያው ላይ ቆየ።

"ቅዳሜ ወላጅ ይወጣል" አሉ ቀስ ብለው። "ሁለት የልጅ ልጆቼ እዚያ ናቸው። ሴቶቹ በእረፍት ሰዓት መጸዳጃ ፍለጋ ቤት ይመጣሉ። የመጣች አትመለስም። ይህቺ አመድ ደግሞ ዛሬ ከወደቀች፣ እኔን ተይኝ፣ በዚህ ከተማ ሁለተኛ አመድ ወደ ሥራ የሚያስገባ የለም። 'ሎሚ ልጅ ልትገድል ነበር' ነው የሚባለው።"

በዚህ መሃል የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር መምህር ከድር መጣ፤ ወጣት ነው፣ ሸሚዙ እጅጌ ድረስ የተተኮሰ። መምጣቴን ሰምቶ ሊያመሰግነኝ ነው። በእጁ የእኔን ወረቀት ይዟል፤ ላሚኔት ተደርጓል።

የሆነውን ነገርኩት። ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

"ግን ወረቀቱ አለ" አለ። "ማኅተም አለው። ፊርማ አለው። እርስዎ ካልተናገሩ ምን ያስቸግራል? ሶሌታዎቹ እንደሆኑ ጠንካራ ናቸው፣ እኔ ራሴ ቆሜባቸዋለሁ።"

"ወረቀቱ የሌላ ኮንክሪት ነው፣ መምህር። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አይቼ መፈረም ነበረብኝ።" ልሰርዘው ብዕር አወጣሁ። ብዕሩ ላስቲኩ ላይ አልጽፍ አለ፤ ይንሸራተታል። በመጨረሻ ጋሽ ታፈሰ መቀስ አመጡልኝ፤ ለሁለት ቆረጥኩት። ዲሬክተሩ ሁለቱንም ቁራጭ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

ባቱ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ዓሣውን በላን፤ ቆሮሶ፣ በሚጥሚጣ። ከዚያ ሥራ። ያለ ማሽን የሚቻለውን ያህል መሞከር አለብን። ብሎኬት በሁለት ረድፍ ደርድረን በላዩ ሶሌታ ልናጋድም፣ ጉድጓዱ ላይ እንደሚያርፈው፤ አሸዋ በከረጢት እየመዘንን ልንጭንበት። ከጎረቤት እህል ቤት ሚዛን ተዋስን። ከመጀመራችን በፊት ደብተሬ ላይ "ስድስት ከረጢት ከተሸከመ ያልፋል" ብዬ ጻፍኩና አሳየኋቸው፤ ውጤቱን ካዩ በኋላ ልኩን መወሰን ልክ አይደለም።

"ያቺን ውሰጂ" አሉ እቴቴ ሎሚ ከፊተኛው ረድፍ ሁለተኛውን እያሳዩ። "እሷ ጥሩ ናት።"

ዞሬ አየኋቸው። የሚያደርጉትን አላወቁትም። ጋሽ ታፈሰ ግን አውቀውት ሳቁ። "ሎሚ፣ አሁንም ምርጡን ልታቀርቢ?"

እኔ የመረጥኩት ከኋለኛው ረድፍ ዳር ያለውን ነው፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ጆንያውን ገፎት ጠርዙ የደረቀውን። አራት ከረጢት ተሸከመ። አምስተኛው ሲያርፍበት ተንበርክኬ ከሥሩ አየሁ፤ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ከአንድ ጠርዝ ተነስቶ ወደ መሃል ሄዷል። ስድስተኛውን አላስጫንኩም።

እቴቴ ሎሚ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "እጄ አመድ አፋሽ ነው" አሉ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለራሳቸው።

"ሌላ እናውርድ" አልኩ።

"ስምንቱንም ልትሰብሪያቸው ነው?" አሉ እቴቴ ሎሚ።

"አንድ ብቻ። ያቺ ደርቃ ነው የተሰነጠቀችው፤ ያልደረቀችውን ማየት አለብን።"

ከመሃል አንዱን ወሰድኩ፤ ጆንያው ከጠዋት ጀምሮ ያልተነካውን። ስድስት ተሸከመ። ሰባት። ስምንት። ከሥሩ ምንም የለም። ጋሽ ታፈሰ ዘጠነኛውን ሊያነሱ ሲሉ በቃ አልኳቸው።

"አመዱ አይደለም እንግዲህ" አሉ።

"ውሃው ነው። ንጹሕ ሲሚንቶ ቶሎ ይይዛል፤ ሁለት ቀን ብትረሱት ይምራችኋል። አመድ ያለበት ግን አዝጋሚ ነው። ነፋስ ካደረቀው መንገድ ላይ ይቀራል።"

"በስንት ዓመትሽ ነው ይህን የተማርሽው?" አሉኝ ጋሽ ታፈሰ።

"ግንባታ ላይ ባሬላ የተሸከምኩት በአሥራ ስድስት፤ አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ሁለት፣ በማታ።"

"ታዲያ የእኛው ነሻ" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሲጠሩኝ "አንቺ ልጅ" ሆነ።

ይህ ሙከራ ግን ፈተና አይደለም፤ ለሁለት ሶሌታ የሠራ ነገር ለስምንት አይፈረምም። ትክክለኛ ኩብ ያስፈልጋል፤ ከራሱ ከሶሌታው ቡኮ። ወዲያው ለማቡካት ተነሱ። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ፤ እንደ ወትሯቸው እንዲሠሩ ነው የፈለግሁት። አራት ጣሳ ሲሚንቶ፣ አንድ ጣሳ የተነፋ አመድ፣ አፉ በእንጨት የተስተካከለ። አሸዋው፣ ጠጠሩ በሳጥን። ጋሽ ታፈሰ በአካፋ አገላበጡት። ውሃ ሊገባ ሲል እቴቴ ሎሚ ከሲሚንቶው ከረጢት አንድ ጭብጥ ዘገኑ።

ገበያ ላይ ሽንኩርት መዝኖ የጨረሰ ሰው ሁለት ፍሬ ይጨምራል፤ ምርቃት ነው። እጃቸው ያንን ነው የሚያውቀው። ጭብጡን ከቡኮው በላይ ይዘው ቆሙ፤ እኔን አዩ። እጄን ከኪሴ አላወጣሁም። ጋሽ ታፈሰም አካፋቸውን ተደገፉ። እቴቴ ሎሚ ጭብጡን ወደ ከረጢቱ መለሱ፤ መዳፋቸው ላይ የቀረችውንም እዚያው አራገፉ። ከዚያ "ውሃ" አሉ።

ቅዳሜ፣ ባቱ፣ 2 ሰዓት

ዓርብ ኩቦቹ ቅርጻቸው ውስጥ እስኪይዙ ቆየሁ። አንብቤ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ፣ ጆንያ ሲደርቅ እየዞርኩ ውሃ ሳጠጣ ዋልኩ። ቅዳሜ ወላጆች ዶማና አካፋ ይዘው ወጡ። ሰላሳ ያህል ይሆናሉ። ዲሬክተሩ ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ እቴቴ ሎሚ ቀድመው መሃል ገቡ። በኦሮምኛ ጀመሩ፤ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ደገሙት።

"አዳማ የላክሁት የእኔን ሥራ አልነበረም" አሉ። "ለእነሱ ንጹሕ ሲሚንቶ ላክሁ። ለእናንተ የሠራሁት አመድ አለበት። ስለዚህ ሶሌታዎቹ ዛሬ አይገቡም።"

ጉምጉምታ ሆነ። ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው "እቴቴ! እኛን አመድ፣ አዳማን ሲሚንቶ?" አለ።

"አዎ። እናንተ ቤተሰብ ናችሁ፣ እነሱ እንግዳ።"

ተሳቀ። እቴቴ ሎሚ አልሳቁም። "አሁን ለእነሱም አመዱን ሰጥቻለሁ። ከወደቀ ሶሌታዎቹን እኔ ሰብሬ እጥላለሁ፤ ሌላ በራሴ እሠራለሁ። አንዷ ተሰንጥቃለች፤ እሷን ነገ አብኩቼ እተካታለሁ።"

ዲሬክተሩ አንድ ወር ልጆቹ ምን እንደሚሆኑ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመለሰችለት ልጅ ያዘለች እናት ናት።

"የኔ ልጅ አንድ ወር ትመላለስ። ከጉድጓድ ውስጥ ከማወጣት ቤት ድረስ ብሸኛት ይሻለኛል። እናቶች በተራ እንሸኝ፤ እረፍት ሰዓት ላይ እንውሰድ፣ እንመልስ።"

እዚያው ተራ ወጣ። ወንዶቹ ሶሌታው ቢቀር ግድግዳው አይቅር ብለው የእቴቴ ሎሚን የፓሚስ ብሎኬት መደርደር ጀመሩ። ጋሽ ታፈሰ ክር ወጠሩ፤ ሦስት ሰው ጠማማ ነው እያሉ ይቀልዱባቸዋል፣ አይሰሙም።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ አዳማ

የመልሱ ሚኒባስ ሞልቶ ነበር። ሦስቱን ኩቦች በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ እግሬ መሃል አስቀመጥኩ። ውሃው የጎረቤቴን ጫማ ነክቶ ስለነበር እስከ ሞጆ ይቅርታ ስጠይቅ መጣሁ። መፈተሻው ዝግ ነው፤ ዘበኛው ከፈተልኝ። ኩቦቹን ገንዳው ውስጥ አስገባኋቸውና ቀኑን ጻፍኩባቸው።

ይህን ማስታወሻ ሳልዘጋው ያቆየሁት ሃያ ስምንተኛው ቀን እስኪደርስ ነው። ትናንት ደረሰ። ሦስቱንም ሰበርኩ፤ ከመፈረሜ በፊት ደወልኩ።

"እንዴት ሆነ?" አሉ እቴቴ ሎሚ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። "አነሰ?"

"ከፊተኛው አነሰ።"

ከኋላቸው አካፋ መሬት ሲፍቅ ይሰማኛል።

"ከሚፈለገውስ?"

"ከሚፈለገው ትንሽ በለጠ። ሶሌታዎቹን ግን አንድ በአንድ ስድስት ከረጢት ጭናችሁ ነው የምታስገቡት።"

"ትንሽ" አሉ።  "በቃ፣ እሱ የኔ ነው። እሱን ጻፊልኝ።"

ጻፍኩት።